የደንገጡሯ ዐሥር ደብዳቤዎች

በ1771 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰኔ ወር ለንደን ውስጥ በሦስት ቅጽ ታትሞ የወጣው «የሐምፍሪ ክሊንከር ጉዞ» ከዳር እስከ ዳር በደብዳቤ የተሠራ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩን የሚያወርድ ተራኪ የለውም፤ የሚነገረው አምስት መንገደኞች በየደረሱበት ከተማ አርፈው ለየወዳጆቻቸው በሚልኳቸው 82 ደብዳቤዎች ነው። ከእነዚህ 28ቱ የወጣቱ ተማሪ የጄሪ ሜልፎርድ፣ 27ቱ የአጎቱ የባላባቱ የማቲው ብራምብል፣ 11ዱ የጄሪ እኅት የሊዲያ፣ 6ቱ የብራምብል እኅት የወይዘሪት ታቢታ ናቸው። የቀሩትን 10 ደብዳቤዎች የጻፈችው የታቢታ ደንገጡር ዊኒፍሬድ ጄንኪንስ ናት። አገልጋዪቱ ከእመቤቷ ይልቅ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥታለች ማለት ነው። ሐያስያን ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በባላባቱና በወጣቱ ደብዳቤዎች ላይ ሲሆን፣ የዊንን ደብዳቤዎች የመጽሐፉ ማጣፈጫ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። በርግጥም የተጻፉት ለማሣቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤት በወጥ ቤት በኩል ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገሩትም፣ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቃል የያዙትም እነርሱ ናቸው።

ደራሲው ቶቢያስ ስሞሌት በ1721 በስኮትላንድ የተወለደ ሐኪም ነበር። በወጣትነቱ በጦር መርከብ ላይ በሐኪም ረዳትነት አገልግሎ፣ እንግሊዞች በ1741 በካርታኼና ላይ አካሂደውት በሽንፈት የተመለሱበትን ዘመቻ በዓይኑ አይቷል። በ1748 ባሳተመው «ሮደሪክ ራንደም» ዝናን አገኘ፤ ቆይቶም አንድ የባሕር ኀይል አዛዥን በጽሑፍ ዘልፈሃል ተብሎ እስር ቤት ገባ። የመጨረሻ ልብ ወለዱን ያወጣው ጤናው ተቃውሶ በጣሊያን አገር በሚኖርበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ወር በኋላ ሴፕቴምበር 17 ቀን ሊቮርኖ አጠገብ ሞተ።

የመጽሐፉ ታሪክ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። ሪህ የሚያሠቃየው ብራምብል በዌልስ የሚገኘውን ርስቱን ብራምብልተን ሆልን ትቶ፣ እኅቱንና የእኅቱን ልጆች አስከትሎ ጤና ፍለጋ ይወጣል። በግሎስተር በኩል አድርገው ወደ ብሪስቶልና ወደ ባዝ ፍል ውኃ፣ ከዚያ ወደ ለንደን፣ ቀጥሎም በሰሜን እንግሊዝ በኩል እስከ ስኮትላንድ ተጉዘው ይመለሳሉ። ዊን የእመቤቷን ልብስ እየጠበቀች፣ ጠጉሯን እያበጀች፣ ቻውደር የተባለውን ነጭናጫ ውሻዋን እየተንከባከበች አብራ ትዞራለች። ደብዳቤዎቿን ሁሉ የምትልከው ብራምብልተን ሆል ለቀረችው ባልደረባዋ ለሜሪ ጆንስ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ታቢታም የምትጽፈው ወደዚያው ቤት ነው። የእርሷ ደብዳቤ ተቀባይ የቤቱ ኀላፊ ወይዘሮ ግዊሊም ስትሆን፣ የደብዳቤዎቿ ፍሬ ነገር ቅቤው፣ ወተቱ፣ የሚሸጠው ሱፍ፣ በምሽት የሚዘጋው በር ነው። ገና ከግሎስተር በላከችው ደብዳቤ ገረዶቹ በዐይነ ቁራኛ እንዲጠበቁ ታዝዛለች፤ በተለይም ሜሪ ጆንስ ከወንዶች ጋር መዳራት የምትወድ ባለጌ እንደሆነች ታስጠነቅቃለች። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት ዐይነት ወሬ ይገባል ማለት ነው። አንዱ ከእመቤቲቱ ወደ ቤቱ ኀላፊ የሚወርድ ትእዛዝ ነው፤ ሌላው ከደንገጡሯ ወደዚያችው በክፉ ወደተጠረጠረችው ልጅ የሚመጣ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ስሞሌት ይህን ሲያደርግ ቤቱን በሁለት ፎቅ ከፍሎ አሳየ።

ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን የፖስታ ዋጋ የሚታሰበው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ከፋዩ ተቀባዩ ነበር። ለአንዲት ገረድ ከለንደን እስከ ዌልስ ለመጣ ወረቀት መክፈል ቀላል ወጪ አልነበረም። የፓርላማ አባላት ግን በደብዳቤው መሸፈኛ ላይ ስማቸውን በመፈረም በነጻ የመላክ መብት ነበራቸው። ይህ መብት እስከ 1840 ጸንቶ ቆይቷል፤ ፊርማውም ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ አልፎ አልፎም ለወዳጅ አሽከር ይታደል ነበር። ዊን ከለንደን ስትጽፍ የአንዲት ትልቅ እመቤት የእልፍኝ አሳላፊ፣ ባርተን ከተባለው ባለሥልጣን ፊርማ እንዳገኘላት ትናገራለች። ለመንግሥት ሥራ የተሰጠው መብት በአሳላፊው እጅ ወደ ምድር ቤት ወርዶ የገረዶቹን ጨዋታ ተሸክሞ ዌልስ ይገባል። ስሞሌት ይህን ሁሉ የሚገልጸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ ያስተዋለው ግን የኖረበትን ዘመን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሣቁ እንምጣ። ዊን የምትጽፈው በጆሮዋ እንደሰማችው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ንባቡና ጽሕፈቱ የማይገጥም ቋንቋ በመሆኑ፣ አንድ ፊደል ሲሳት ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። በአማርኛ ይህን ቀልድ ማምጣት ያስቸግራል፤ እኛ ዘንድ «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ» የለወጠ ሰው ሊቃውንትን ቅር ያሰኛል እንጂ ትርጉም አያፋልስም። ዊን ግን የእግዚአብሔርን ጸጋ ለማለት ፈልጋ የእግዚአብሔርን ጮማ ትጽፋለች፤ እናት ቤተ ክርስቲያን ማለት ሲገባት እናት ምርኩዝ ትላለች፤ በሰውና በመላእክት ፊት የሚለው በሰውና በማዕዘናት ፊት ይሆንባታል። በባዝ ከተማ ያየችውን የብላደድ ሕንጻ፣ ያም በአፈ ታሪክ ከተማዋን ቈረቈረ በሚባለው ንጉሥ ስም የተሰየመው ነው፣ የደም ሕንጻ አድርጋ ታስተላልፋለች። በለንደን ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጆቻቸውን ማየቷን ስትዘረዝር በዚያው ትንፋሽ ዝሆኖቹንና ዝንጕርጕሩን አህያ አስገብታ የቀሩትንም የንጉሥ ቤተ ሰብ እንዳየች ትናገራለች። ዝንጕርጕሩ አህያ ለንግሥት ሻርሎት በ1762 ከደቡብ አፍሪካ የመጣላት የሜዳ አህያ ነው። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር ሰሙ የዊን ነው፤ ወርቁ የስሞሌት ነው። እርሷ በየዋህነት የጣለችውን ቃል አንሥቶ የሚስቀው በእርሷ ጀርባ የቆመው ደራሲ ነው።

ይህ ዐይነቱ ሣቅ ጨካኝ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙዎችም ብለዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት፤ ፊደል የሚስተው ማን ነው? ዊን ብቻዋን አይደለችም። እመቤቷ ታቢታ፣ የባላባት ልጅና የባላባት እኅት፣ ከደንገጡሯ በማይሻል ጽሕፈት ትጽፋለች፤ የምታመጣቸውም ስሕተቶች አንዳንዴ ከዊን ይብሳሉ፤ ነውርነታቸው ለጸሓፊዋ አይታያትም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገችው ወጣቷ ሊዲያ ግን ጥንቅቅ አድርጋ ትጽፋለች። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ፊደል የሚያዋቅረው ድህነት ብቻ አይደለም። በታቢታ ዕድሜ ያለች ሴት ባላባትም ብትሆን ብዕር በወጉ እንድትይዝ ያስተማራት አልነበረም፤ ወንድሟ ሲማር እርሷ ቅቤና ሱፍ መቍጠርን ተማረች። እመቤትና ገረድ በልብስና በመቀመጫ ቢለያዩም በወረቀት ላይ እኩል ናቸው።

ዘመኑም ለአጻጻፍ ጥብቅ ሥርዐት የሚደነገግበት ጊዜ ነበር። የሳሙኤል ጆንሰን ታላቅ መዝገበ ቃላት የወጣው በ1755 ሲሆን፣ ከ40,000 በላይ ቃላት አጻጻፋቸው ተወስኖ ሰፈረበት። ከዚያ ወዲያ ቃል አሳስቶ መጻፍ የግል ልማድ መሆኑ እየቀረ የመሃይምነት ምልክት ሆነ። ስሞሌት ራሱ ስኮትላንዳዊ ስለነበረ በለንደን በአነጋገሩ የሚለይ ሰው ነበር፤ የዘመኑ ስኮትላንዳውያን ጸሓፊዎችም ከድርሰታቸው ውስጥ የአገራቸውን ቃላት ለቅመው ለማውጣት ይጨነቁ ነበር። የዌልስን ልጅ አፍ ያፌዘው ሰው የራሱን አፍ ሲያርም የኖረ ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ዊን ከምንም የበቀለች ገጸ ባሕርይ አይደለችም። የገረድ ደብዳቤ በእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ ታላቅ ጕዳይ የሆነው ከ1740 ጀምሮ ነው፤ በዚያ ዓመት ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ»ን አሳተመ። ፓሜላ ጌታዋ ሊያስነውራት ሲያሳድዳት በደብዳቤ የምትከላከል የዐሥራ አምስት ዓመት ገረድ ስትሆን፣ ጽሕፈቷ እንከን የለበትም፤ በመጨረሻም ጌታዋን ታገባለች። በዚህ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ አፌዘ። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1741 «ሻሜላ» በተባለ ፌዝ መለሰ፤ በ1742 ባወጣው «ጆሴፍ አንድሩስ» ትልልቅ ቃል እየፈለገች የምታበላሽ ስሊፕስሎፕ የተባለች ደንገጡር ፈጠረ፤ በ1749 በወጣው «ቶም ጆንስ» ውስጥም የደንገጡሯ የኦነር ደብዳቤ በስሕተት ተሞልቶ ታትሟል። ከዚያ በፊትም ዳንኤል ዲፎ በ1725 ገረዶች እንደ እመቤቶቻቸው ለብሰው አስቸገሩ ሲል አማርሮ ነበር፤ የጆናታን ስዊፍት የአገልጋዮች መመሪያ ደግሞ ደራሲው በሞተበት በ1745 ታተመ፤ ይኸውም ጌታን እንዴት ማታለል እንደሚገባ በማስተማር ስም አሽከሮችን የሚያጋልጥ ሽሙጥ ነው። ጌቶች ስለ አገልጋዮቻቸው ይህን ያህል የጻፉት በየቤታቸው አንድ ያልተፈታ ፍርሃት ስለነበረ ነው። ምስጢራቸውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከሥራቸው ተቀምጦ ይበላል፤ አሁን ደግሞ መጻፍ ጀምሯል።

ዊን የምትጽፈውን ከዚህ አንጻር ስናየው ብዙ ቁም ነገር እናገኝበታለን። ከባዝ በላከችው ደብዳቤ በዚያ ያሉትን አገልጋዮች ክፉ አጋንንት ታደርጋቸዋለች፤ ሻማው በሁለት ጫፍ ይነድዳል፣ ስርቆቱና ብክነቱ ልክ የለውም። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የምታስረዳው ሥርዐት ነው። የኪራይ ቤቱ አገልጋዮች ብራምብልና ቤተ ሰቡ ከዚያ ወዲያ እንዳይቀመጡ ያስቸግራሉ። ምክንያቱም እንግዳ ሲወጣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊኒ ይጠብቃሉ፤ ይህም በወቅቱ በየወሩ የሚያገኙት ገቢ ስለሆነ፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው እንግዳ አልሄድም ካለ የሚቀጥለውን ጉርሻ ያስቀርባቸዋል። አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። የገረዶች የዓመት ደመወዝ ጥቂት ፓውንድ በነበረበት አገር ሁለት ጊኒ ለእነርሱ ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ይህ ዊን የፈጠረችው ወሬ አይደለም። በእንግሊዝ ቤቶች እንግዳ ሲወጣ አገልጋዮች በበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጉርሻ መቀበላቸው የጸና ልማድ ነበር። ምሳ የተጋበዘ ሰው ከምሳው ዋጋ የበለጠ ከፍሎ ይወጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከ1760 ገደማ ጀምሮ ባላባቶች ተስማምተው ጉርሻ እንዲቀር ተነሣሡ፤ እንቅስቃሴው ከስኮትላንድ ወደ ለንደን ሲደርስ አሽከሮች በ1764 ራኔላ በተባለው የመዝናኛ አትክልት ስፍራ ረብሻ አስነሡ። ጄምስ ታውንሊ በ1759 ባቀረበው አጭር ቀልድ ተውኔት ውስጥም አሽከሮች ጌታቸው በሌለበት ግብዣ ሲያደርጉ ስላሳየ፣ በኤዲንብራ መድረክ ላይ አሽከሮች ተቃውመው ትርኢቱን በጩኸት አውከዋል። ለጌቶች ጉርሻ ምዝበራ ነበረ፤ ለአገልጋዮቹ ግን የደመወዛቸው ግማሽ አካል ነው። ዊን የምታየው በጌቶቿ ዐይን ነው፤ ስሌቱን ግን ከእነርሱ ይልቅ አብራርታ ታቀርበዋለች፤ ስንት እንደሆነና በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ታውቃለችና።

የአገልጋይ ኑሮ በምን ክር ላይ እንደተንጠለጠለም ታሳያለች። ጆን ቶማስ የተባለው አሽከር በመንገድ ላይ የታቢታ ውሻ አውራ ጣቱን ነከሰው፤ ተናዶ ክፉ ቃል ተናገረ፤ በዚያው ቅጽበት ከሥራ ተባረረ። ውሻው ግን ከነክብሩ ሠረገላ ላይ ቀረ። ዊን ይህን በሁለት መስመር ጽፋ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። በእርሱ ቦታ የተተካው ሐምፍሪ ክሊንከር ነው፤ መጽሐፉ በስሙ የተጠራው ሰው ወደ ታሪኩ የሚገባው አንድ የሥራ ባልደረባ በመባረሩ ነው። ክሊንከር ራሱም ከሥራ የተጣለ ሰው ነበር። ታምሞ ልብሱን በመያዣ አስይዞ በልቷል፤ ቡትቶ ለብሶ በመታየቱም የእንግዳ ማረፊያው ጌታ ለጋጣዬ ውርደት ነው ብሎ አስወጥቶታል። የተቀደደው ሱሪው ታቢታን አስቆጣት፤ ብራምብል ግን ድህነቱንና ሕመሙን እንደ ወንጀል ቆጥሮ በምጸት ከሰሰውና ገንዘብ ሰጠው።

ከሥራ የወጣ አገልጋይ ሌላ ቤት ለመግባት ከቀድሞ ጌታው የጠባይ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረበት፤ ወረቀቱን መስጠትና መንፈግ በጌታው ፈቃድ ነበር። ሐሰተኛ ምስክር ወረቀት እየበዛ በመሄዱ ፓርላማው በ1792 የቅጣት ሕግ አወጣ። መንግሥትም በበኩሉ አገልጋይን እንደ ቅንጦት ዕቃ ቈጥሮ ግብር ጥሏል፤ ከ1777 ጀምሮ በእያንዳንዱ ወንድ አገልጋይ ላይ አንድ ጊኒ ተጣለ፤ በ1785 ገረዶችም ተጨመሩ፤ የገረዶቹ ግብር በ1792 ተነሣ። እነዚህ ሕጎች ስሞሌት ከሞተ በኋላ የመጡ ቢሆኑም የሚያነጣጥሩት ዊን በሩቁ ባሳየችው ኑሮ ላይ ነው።

በብራምብልና በዊን መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ ጐልቶ የሚታየው በቈሻሻ ጕዳይ ነው። ባላባቱ በየከተማው ሽታ ይማረራል፤ የባዝ መታጠቢያ፣ የለንደን እንጀራና ውኃ፣ የአዳራሹ እፍግታ፣ ሁሉም በሰፊው ተተንትኖላቸዋል። ዊን ደግሞ ከስኮትላንድ ስትጽፍ ሌላውን ገጽ ትገልጣለች። በኤዲንብራ ረጃጅም ቤቶች መጸዳጃ ስለሌለ የቤተ ሰቡ ሁሉ ፍሳሽ በአንድ በርሜል ተጠራቅሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን በጓሮ መስኮት ወደ መንገድ ይደፋል፤ የምትደፋውም ገረድ ነች። ገረዲቱ ከመድፋቷ በፊት «ጋርዲ ሉ» እያለች ለአላፊ አግዳሚው ትጮኻለች። ቃሉ ውኃውን ተጠንቀቅ ከሚል ፈረንሳይኛ የተወለደ ነው፤ ዊን ግን ትርጉሙ እግዚአብሔር ይማርህ ማለት ነው ብላ ለሜሪ ታስረዳለች። ጌታው የሚሸተውን ሲጽፍ እርሷ የሚሸከመውን ሰው ጻፈች።

ዊን የእመቤቷንም ገመና ሳታስበው ታወጣለች። በለንደን ግንብ አንበሶቹን ሊያዩ ሲገቡ አንድ ሰው ድንግል ላልሆነች ሴት አንበሳው እንደሚያገሣ ይነግራታል። ዊን ራሷ አትጠጋም፤ እመቤቷ ተጠጋች፤ አንበሳውም ያገሣል፣ ይዘላል። ዊን በቅን ልብ ተቈጥታ እመቤቷ እንዳልተወለደ ሕፃን ንጽሕት ናት ስትል ለሜሪ ትምላለች። በብራምብልተን ሆል ወጥ ቤት ይህ መሐላ በምን ዐይነት ሣቅ እንደተነበበ አንባቢው ራሱ ያስበው።

ሜሪ ማንበብና መጻፍ የጀመረች ልጅ ናት። ዊን በአንድ ደብዳቤ ጽሕፈትሽን አሻሽይ፣ የላክሽውን ለመፍታት ላብ በላብ ሆኛለሁ ብላ ትገሥጻታለች፤ መጽሐፍ አንሥቶ ሳይንተባተቡ ማንበብ ምን ያህል ደስታ እንዳለው ብታውቂ ትላታለች። ይህን ምክር የያዘው ደብዳቤ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስሕተት የተሞላ ነው። ስሞሌት ለሣቅ ያደረገው ቢሆንም እውነትነት አለው። በዚያ ዘመን የብዙ አገልጋይ ትምህርት ከአስተማሪ ሳይሆን ከባልደረባ ወደ ባልደረባ የሚሸጋገር ነበር፤ አንድ ቀን ቀድሞ ፊደል የቈጠረ ማግሥቱን ለሌላው አለቃ ይሆናል።

ከሁሉ የሚነካው የኒውካስል ነገር ነው። ደተን የተባለው የጄሪ አሽከር ፈረንሳይኛ የሚቀላቅል ሽቅርቅር ሰው ሲሆን፣ ዊንን በፓሪስ ፋሽን ጠጉሯን አሠርታ፣ ጕንጯን ቀብታ ቲያትር ይዟት ሄደ። የከተማው ሕዝብ አገልጋይነቷን ዐውቆ ከበባት፤ ጭቃ ረጫት፤ ኤልዛቤል እያለ ሰደባት። ለእመቤት ጌጥ የሆነው ቀለም ለገረድ የነውር ምልክት ሆነ። ዊን ለሜሪ ስትነግራት ከሁሉ ያስቈጫት ሦስት እጥፍ የእጅጌ ዳንቴሏ መበላሸቱ ነው፤ ከአንዲት እመቤት ደንገጡር በሰባት ሺሊንግ የገዛችው ነበር። በደንገጡሮች መካከል የሚካሄደውን የልብስ ገበያ ይህች አንዲት ዋጋ ታሳያለች፤ እመቤቲቱ ያወለቀችው ለደንገጡሯ ይደርሳል፣ ደንገጡሯ ለሌላዋ ትሸጣለች። ኤልዛቤል ማለት ምን እንደሆነ ክሊንከርን ጠየቀችው። እርሱም መጽሐፍ ቅዱሱን በእጇ ሰጣት፤ በመስኮት ተወርውራ ደሟን ውሾች የላሱትን ንግሥት ታሪክ ራሷ አነበበች። የሰደቧትን ስድብ ፈትታ ለማንበብ የበቃችው ያ የሚሣቅበት የፊደል ዕውቀት ስለነበራት ነው።

ልብ ወለዱ የአገልጋይን ብዕር በዚህ መልክ ቢያሳይም በእውነተኛው ዓለም አገልጋዮች ሌላ ዐይነት ጽሑፍ ትተው አልፈዋል። ሮበርት ዶድስሊ አሽከር ሳለ በ1732 የግጥም መጽሐፍ አሳትሞ፣ ቈይቶ ከለንደን ታላላቅ አሳታሚዎች አንዱ ሆኗል፤ ለጆንሰን መዝገበ ቃላት ከተባበሩት መጻሕፍት ሻጮችም አንዱ እርሱ ነበር። የወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ሜሪ ሊፖር በ1746 ስትሞት ግጥሞቿ ገና አልታተሙም ነበር፤ የታተሙት በ1748 ነው። ከባርነት ወጥቶ በሞንታጉ መሳፍንት ቤት በአሳላፊነት ያገለገለው አፍሪካዊው ኢግናቲየስ ሳንቾ በ1766 ለደራሲው ሎረንስ ስተርን ጽፎ መልስ አግኝቷል፤ ደብዳቤዎቹም እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1782 በሁለት ቅጽ ወጥተው ብዙ አንባቢ አግኝተዋል። የስተርንን አሟሟት በ1768 ቆሞ አይቶ የጻፈልንም ጆን ማክዶናልድ የተባለ አሽከር ነው። ዊን በእነዚህ መካከል ስትቆም ድምፅዋ ከጌታ ብዕር የተዋሰ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የሜሪ ጆንስን ዐይነት ሰው የጻፈውን ወረቀት የሚያስቀምጥ በሌለበት፣ የተዋሰ ድምፅም ቢሆን የሚሰጠው ምስክርነት ቀላል አይደለም።

መጨረሻው የሚጀምረው ክሊንከር የብራምብል ዲቃላ ልጅ ሆኖ ሲገኝ ነው። ማቲው ሎይድ የሚባል ስም ይወጣለታል። ዊን ትደነግጣለች፤ እጮኛዋ አሁን የባላባት ልጅ ነው። ግን ወዲያው ሒሳብ ትሠራለች፤ እርሱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው፣ የእርሷ ወላጆች ግን በእናት ምርኩዝ ሥርዐት፣ በሰውና በማዕዘናት ፊት ተጋብተዋል። ይህን ሜሪ ጆንስ ልብ እንድትለው ታሳስባታለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ክርክር ያለ አይመስልም። ደም የሚመዘን ከሆነ የገረዲቱም ደም ይመዘናል፤ ሚዛኑም ለእርሷ ያደላል። ስለ ልደት የሚያወራው ያ ሁሉ ባላባታዊ ኩራት በሁለት የተሳሳቱ ቃላት ሲፈርስ ይታያል።

ከዚያ ሦስት ጋብቻ በአንድ ቀን ተፈጸመ፤ ሊዲያ፣ ታቢታና ዊን ተዳሩ። የመጽሐፉን የመጨረሻ ደብዳቤ ስሞሌት ለባላባቱም፣ ለወጣቱም አልሰጠም፤ ለዊን ሰጠ። ዊን የሠርጉን አልባሳት ትተርካለች፤ ቤተ ሰቡ ወዴት ወዴት እንደሚበተን ትናገራለች። ቀጥላም ሜሪን በአዲስ ቃና ታናግራታለች። በእግዚአብሔር በረከት ወደ ላይኛው ማዕርግ ስለ ወጣች ከቤቱ ዝቅተኛ አገልጋዮች ጋር እንደ ባልንጀራ መሆን እንደማትችል፣ ሜሪ አክብራ ተገቢውን ርቀት ከጠበቀች ግን በጎ ፈቃዷና ጥበቃዋ እንደማይለያት ታስታውቃለች። ፊርማው ደብልዩ ሎይድ ይላል።

ብዙ ሐያስያን ይህን እንደ መጨረሻ ቀልድ ያነብቡታል፤ ያሣቃልም። ሆኖም ከግሎስተር የመጣውን የታቢታን የመጀመሪያ ደብዳቤ ያስታወሰ ሰው ቃናውን ያውቀዋል። ሜሪ ጆንስ በመጀመሪያ በእመቤቲቱ እጅ ባለጌ ተብላ ትጠበቅ ተባለ፤ በመጨረሻ በባልንጀራዋ እጅ ራቂ ተባለች። ሁለቱም ትእዛዞች ፊደላቸው እኩል የተሳሳተ ነው። በመካከሉ ዐሥር ጊዜ የወንዝ ልጅ፣ የምሥጢር ተካፋይ፣ የሣቅ ተቀባይ ሆና ነበር። ዊንን በክህደት መክሰስ ግን ያስቸግራል። ክብር ማለት ርቀት መሆኑን ያስተማራት ያ ቤት ነው፤ ለስንት ዓመት ከሠረገላው ጥግ ሆና ያየችው እርሱን ብቻ ነበር። አንዲት ገረድ እመቤት ስትሆን እንዴት መናገር እንዳለባት የምታውቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ታቢታ ናት።

ክሊንከር በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ደብዳቤ አልጻፈም፤ ስሙ በሽፋኑ ላይ ቢሰፍርም የሚታወቀው በሌሎች ብዕር ነው። ሜሪ ጆንስ ግን ጽፋለች፤ ዊን ለመፍታት ላብ በላብ የሆነችበት ወረቀት ዌልስ ተጽፎ ባዝ ደርሷል። ከ82ቱ ደብዳቤዎች መካከል አልገባም።